ጊዜያችንን የምናከፋፍለው ለሥራው ነው ወይስ ለሚጎድለን ነገር?

ይህን ጥያቄ እዚህ መድረክ ላይ የጣልኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ሰኞ ማታ ነው። እስከ ትናንት 31 መልስ ደርሶታል። አንዱ መከረኝ፣ አንዱ አረመኝ፣ አንዷ ደግሞ በደንብ አድርጋ ቆነጠጠችኝ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማንበብ ይከብዳችኋል። ስለዚህ የተባለውን በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን እኔ የጠየቅኩትን።

መነሻው

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ጀሞ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ መርካቶ አካባቢ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ደብተር ገዛሁና ቀኔን በሰዓት ከፋፈልኩት። ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት። 12 ሰዓት ተኩል የታክሲ ሰልፍ። 2 ሰዓት ተኩል ሥራ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ቤት። ከዚያ እራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ የነገ ምሳ መቋጠር፣ ልብስ መተኮስ፣ የኦንላይን ኮርስ። 3 ሰዓት ተኩል እናቴ ጋ መደወል። 5 ሰዓት መተኛት። የሠራሁት ላይ በአረንጓዴ ስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ገጹን ፎቶ አንስቼ ከጥያቄዬ ጋር ለጠፍኩት።

ያን ሳምንት ገጹ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ያልሠራሁት ነገር አልነበረም። እሑድ ከሰዓት ደብተሩን ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ማንም አልሞተብኝም፤ ማንም አላስቀየመኝም። ሰዓቴ ሞልቷል፤ እኔ ግን ባዶ ነበርኩ።

ያን ለት አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ጄኔራል ሳይኮሎጂ ትዝ አለኝ። ያችን የሥነ ልቦና ምሁሩን የማስሎውን የሰው ፍላጎት ፒራሚድ ታስታውሷታላችሁ። ከታች ምግብና እንቅልፍ። ቀጥሎ ደህንነት። ቀጥሎ ፍቅርና የእኔ የሚሉት ወገን። ከዚያ ክብር። ጫፉ ላይ ደግሞ የሚችሉትን ያህል ሰው መሆን። እናም ጠየቅኩ። ደብተሬን በሥራ ዝርዝር ሳይሆን በሚያስፈልገኝ ነገር ብከፋፍለውስ? ከታች ጀምሬ እየሞላሁ ወደ ላይ ልውጣ? የሞከረ አለ?

መልሶቹ

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። እህቴ እያለ ነው የጻፈው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1954 ባደረጉት ንግግር አስቸኳዩን ጉዳይ ከአስፈላጊው ለይተው እንደነበር አስታወሰ። ሰዎች ከዚያ ተነስተው አራት ሣጥን ሠርተዋል፤ አስቸኳይና አስፈላጊ፣ አስፈላጊ ግን የማያስቸኩል፣ እያለ ይቀጥላል። እሱ ቢሮው ውስጥ በዚህ ነው የሚሠራው። እኔም ሥራዎቼን እንዲሁ እንድመድብ መከረኝ። አመሰግነዋለሁ፤ ለቢሮ ሥራ አሁንም እጠቀምበታለሁ። ያስለቀሰኝን ግን አልነካውም። ሣጥኑ ምን እንደሚቀድም ይነግርሃል። አስፈላጊ ያልከው ነገር ለማን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅህም።

2ኛዋ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ሆና ነው የጻፈችው። ስለ ፒራሚድም ስለ ሣጥንም አላወራችም። ስንት ሰዓት እንደምተኛ ብቻ ጠየቀችኝ። ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን እውነተኛውን።

3ኛው መልስ የእኔ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ይመጣል። መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ አየሩ ያፏጫል። ከዚያ እንደ ሳል ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቀይ ውኃ ይተፋል። እስኪጠራ ባልዲው ላይ እጄን ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ አምስት ጀሪካን፣ አንድ በርሜል፣ ሁለት ሳፋ። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ደብተሬ ላይ አልተጻፈም። ለምን እንዳልጻፍኩት እስከዚያች ማታ አስቤው አላውቅም። ሥራ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር።

ሲስተር ወዲያው ሒሳቡን ሠራችው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የጋራ ምክር አዋቂ ሰው በቀን 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛት አለበት። በሳምንት 49 ማለት ነው። የእኔ ውኃው ሲቀነስ 39 ነው። በየሳምንቱ 10 ሰዓት ዕዳ። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ዕዳ ሌላ ሰው ደምሮ አሳየኝ። ለቅሶዬን ፍልስፍና ከማድረጌ በፊት መጀመሪያ እንድተኛ ነገረችኝ። ይህንን የጻፈችው ራሷ ሳትተኛ እያደረች ነው።

4ኛው መላሽ ሳይኮሎጂ ያስተምራል። በትህትና ነው ያረመኝ፤ እርማቱ ግን የጥያቄዬን ግማሽ አፈረሰው። አብርሃም ማስሎው ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ጽሑፉ ውስጥ ፒራሚድ የለም፤ ሌሎች ናቸው በኋላ የሣሉት። አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ሳይሞላ ሌላው አይመጣም ብሎም አላስተማረም። እንዲያውም ለምሳሌ ያህል የመደበኛውን ሰው ሁኔታ በቁጥር አስቀምጦታል። የሰውነት ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደህንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ለራሱ ያለው ክብር 40፣ የመጨረሻው ደግሞ 10 በመቶ ቢሟላ ነው ይላል። ሁሉም አንድ ላይ፣ ሁሉም በጎደሎ። ስለዚህ ታችኛውን ሞልቼ ወደ ላይ ልውጣ ማለቴ ስህተት ነበር። መምህሩ አንድ የራሳችንን ምሳሌ ጨመረ። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሰው በረሃብ ላይ ሆኖ ነው ከረሃብ በላይ የሆነውን የሚፈልገው። የእናቴን ጾም ዕድሜ ልኬን እያየሁ አድጌ ይህ ለምን አልታየኝም አልኩ።

5ኛው ላይ የውይይቱ ድምፅ ተቀየረ። የሚኒባስ ሹፌር ነው። ተቆጥቷል። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መሪ ላይ ነው የሚውለው። ሰዓቱ የእሱ አይደለም፤ ማታ ገቢ የሚያስረክበው ለመኪናው ባለቤት ነው። ነዳጅ ሰልፍ የሌሊቱን ይወስዳል። ደብተር ገዝቶ ቀን መከፋፈል ቀን ላለው ሰው ነው አለ። ልጁን ተኝታ ትቷት ይወጣል፣ ተኝታ ያገኛታል። ይህን ሁሉ የፍላጎት ንድፈ ሐሳብ ለእሷ አስረዱልኝ ብሎ ነው የዘጋው።

6ኛው ደገፈው። 7ኛው አነጋገሩን አስተካክል ብሎ ገሠጸው። እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን ነው ብዬም አሰብኩ፤ ጥያቄዬን ላጠፋውም ምንም አልቀረኝም።

8ኛዋ ባትመጣ ኖሮ አጠፋው ነበር። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ሹፌሩን ወንድሜ ብላ ጀመረች። ሰዓቴ የእኔ አይደለም ካልክ የእኔን ስማ አለችው። ስትነሳም ስትተኛም በሌላ ሰው ፈቃድ ነው። ግን ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሙሉ ይተኛል። ለእሷ ከዚያ ውስጥ 40 ደቂቃ ትተርፋታለች። መጀመሪያ ሰሞን ያችን 40 ደቂቃ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ስታይ ትጨርሳታለች። ስትነሳ ግን ከመቀመጧ በፊት ከነበረው የባሰ ይከፋታል። እረፍት አላረፈች፣ ሰው አላገኘች። አሁን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ጀበና አለቻት፤ ከአገር ስትወጣ በነጠላ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ያመጣቻት። ቡናውን እናቷ ቆልታና ወቅጣ ነው የምትልክላት። እሱን አፍልታ፣ ማሽኑ ላይ ተደግፋ፣ እህቷ የላከችውን የድምፅ መልእክት ታዳምጣለች። ከዚያ በተራዋ ታወራላታለች። ያው 40 ደቂቃ ነው። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሠራተኛ አይደለችም፤ ስም አላት፣ ታናሽ እህት ናት፣ የቡናው ባለቤት ናት። ጊዜ ያጣ ሰው ነው ምን እንደጎደለው ለይቶ ማወቅ ያለበት፤ ያለችውን ጥቂት ሰዓት በከንቱ ማፍሰስ አይችልምና። ከ31ዱ መልስ አንዱን ብቻ አስቀሪ ብባል ይህን አስቀራለሁ።

9ኛው ጀበናዋ ስንት ስኒ እንደምትይዝ ጠየቃት። ሦስት ናት።

10ኛው ቨርጂኒያ ነው ያለው። ቀን መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ ማታ ታክሲ ይሠራል። እሱን የያዘው የደህንነት ፍላጎት ነው። አንዴ ተቸግሮ ያደገ ሰው በቃኝ የሚልበትን መስመር አያውቀውም አለ። የቤት ኪራዩን ሸፍኖ፣ አገር ቤት የሚልከውን ልኮ፣ ትንሽ አስቀምጦም ሌላ ፈረቃ ይጨምራል። የስድስት ዓመት ልጁ አባቴ የሚተኛ ሰው ነው ብሎ ለአስተማሪው ነገራት። አባትየው ያን ከሰማ በኋላ ተቀምጦ ቁጥር ጻፈ፤ በወር ይህን ያህል ካገኘሁ በቃኝ የሚል። ሐሙስ ማታን ከሥራ አወጣ። የዚያን ማታ ገቢ ማጣቱን እንደ ኪሳራ ሳይሆን እንደ ዋጋ ነው የሚቆጥረው። ሐሙስ ማታ ልጁ እንቁላል ይሰብራል፣ እሱ ይጠብሳል። ቅርፊት ይገባበታል፤ ያወጡታል።

11ኛው በገጠር ልማት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። ከማስሎው ይልቅ ለጥያቄዬ የሚቀርበው ቺሊያዊው ኢኮኖሚስት ማንፍሬድ ማክስ-ኔፍ ነው አለ። ማክስ-ኔፍ የሰውን መሠረታዊ ፍላጎት ዘጠኝ አድርጎ ቆጥሮታል፤ በሕይወት መቆየት፣ ጥበቃ፣ ፍቅር፣ መረዳት፣ ተሳትፎ፣ ዕረፍት፣ ፈጠራ፣ ማንነት፣ ነፃነት። ከመጀመሪያው በቀር መሰላል የለውም፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። ፍላጎቱ በየአገሩና በየዘመኑ ያው ነው፤ የሚለየው የምናረካበት መንገድ ነው። መንገዱ ደግሞ ዓይነት አለው። አንዳንዱ ያረካ መስሎ ያታልላል። አንዳንዱ አንዱን እያረካ ሌላውን ያፍናል። አንዳንዱ ግን ባንድ ጊዜ ብዙውን ይመግባል። ማክስ-ኔፍ ራሱ የሚሰጠው ምሳሌ ጡት ማጥባት ነው፤ ሕፃኑ ምግብ ያገኛል፣ ያው ሰዓት ጥበቃም ነው፣ ፍቅርም ነው፣ ማንነትም ነው።

ይህን ሳነብ የሪያዷ ልጅ ቡና ገባኝ። እሷ ማክስ-ኔፍን አታውቀው ይሆናል፤ ሥራውን ግን ሠርታዋለች። ስልክ ላይ የምታየው ቪዲዮ አታላዩ ነው። ጀበናዋ ብዙ መጋቢዋ ናት። በዚያች ማታ ደብተሬ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ። ከሰዓቱና ከሥራው ጎን፣ ይህ ምኔን ይመግባል የሚል።

12ኛው ወጣት ነው፤ ምንም አልተዋጠለትም። በዚህ አካሄድ ስንፍናችንን ሁሉ ፍላጎት እያልን ልንጠራው ነው አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ አለ። ቀኑን የበላው ይህ ነው ብሎ ተከራከረ። እሱ ቡናውን ማሽን ላይ በሁለት ደቂቃ ጠጥቶ ይወጣል።

13ኛዋ አንዲት እናት ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው በቁጣ ጨረሱ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከለው፣ ወንበሩን የደረደረው፣ ሦስት ቀን ያበላው እድሩ ነው። ያን ሰዓት የማሽን ቡና የጠጣ ጎረቤት አልመጣም። በየወሩ እሑድ እድር ላይ የምትቀመጠው ሁለት ሰዓት ባዶ ከመሰለችህ ያልደረሰብህ ስለሆነ ነው አሉት። ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀ። ግን ሐሳቡን አልተወም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት መዋል ሌላ፣ እድር ሌላ ነው አለ። ይህ ደግሞ ልክ ነው። ቡና ሁሉ ብዙ መጋቢ አይደለም። ሰው ለማማት የተፈላ ቡናም አለ።

ከ14 እስከ 18 ያሉት ከርዕሱ ወጡ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ይገባል አይገባም ወደሚል ገቡ። አንዷ በረንዳ ላይ ነው የማፈላው አለች፤ ላይኛው ፎቅ ያለው ጭሱ የታጠበ ልብሴን አበላሸ ብሎ መለሰ። በኤሌክትሪክ ምድጃ የፈላ ቡና ጣዕም አለው የለውም የሚለውን ሁለት ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከሩበት። ቁም ነገሩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከሰሉ የተቀጣጠለበት ክፍል መስኮቱ ክፍት ይሁን። ሲስተር መጥታ ይህን አስረግጣ ተናገረች።

19ኛው የስልክ ቀጠሮ ማስታወሻ እንዴት እንደጎዳው ነገረን። ለሥራ ፈተና 2 ሰዓት ተብሎ ተቀጠረ። ስልኩ ላይ ሁለት ብሎ መዘገበ። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አስታወሰው። ፈተናው ካለቀ ቆይቷል። ይህ ከርዕሱ የራቀ አልመሰለኝም። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጋር ነው የሚጀምረው። አንድ ሰዓት ማለት ቀኑ ከጠባ አንድ ሰዓት ሆነው ማለት ነው። ሰውነታችን በዚህ ይሄዳል፤ መሣሪያችን በሌላ።

20ኛዋ እስራኤል ውስጥ ናታንያ ነው የምትኖረው። አያቶቿ ከጎንደር የሄዱ ቤተ እስራኤል ናቸው። ዕረፍትን ስሜታችን እስኪመጣ የምንጠብቀው ከሆነ አይመጣም አለች። አያቷ ዓርብ ዳቦውን ጋግረው፣ ቤቱን ጠርገው፣ ልብስ ቀይረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሳሉ። ከዚያ በኋላ ያልተሠራ ሥራ ቢኖርም አይነካም። ሥራው ስላለቀ አይደለም የሚያርፉት፤ ሰንበት ስለገባች ነው። እሷ ራሷ አጥብቃ የምታከብር አይደለችም። ግን ዓርብ ማታ ስልኳን በአያቷ የዳቦ መሶብ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ክዳኑን ስትገጥም ትከሻዋ ሲወርድ ይሰማታል።

21፣ 22 እና 23 ምስጋናና ሰላምታ ናቸው። አንዱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ ሲስተር እሱንም ተኛ ብላዋለች።

24ኛዋ ለእኔ ነው የመጣችው፤ አላራራችልኝም። የደብተሬን ፎቶ አስፍታ መስመር በመስመር ቆጠረችው። 23 መስመር አለ። 9ኙ የወንድሜ ነው፤ ምሳው፣ ሸሚዙ፣ ጫማው፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒው። 6ቱ የመሥሪያ ቤት። 5ቱ የቤት። አንድ ኮርስ፣ እሱም ለደረጃ ዕድገት። አንድ ለእናቴ። አንድ መተኛት። ውኃው ሳይቆጠር ነው እንግዲህ። ስለ ማስሎው ከመጠየቅሽ በፊት ወንድምሽ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ንገሪን አለችኝ። አንቺ ጊዜ አላጣሽም፤ የራስሽን ቀን ለሌላ ሰው ፍላጎት አከራይተሽዋል አለች።

ደሜ ፈላ። ረጅም መልስ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ከዚያ ደብተሩን አውጥቼ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነው። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው።

25ኛው አነጋገሯ ከረረ ብሎ ጠበቃ ሆነልኝ፤ ከ26 እስከ 28 ወንድም ማገዝ ባህላችን ነው አይደለም የሚል ጭቅጭቅ ነው። መምህሩ መሀል ገብቶ ዴሲና ራያን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰው ለደህንነቱ ሦስት ነገር ይሻል ማለታቸውን ነገረን፤ በራስ ፈቃድ መሥራት፣ እችላለሁ ማለት፣ ከሰው መተሳሰር። ሰውን መርዳት በራሱ አያደክምም፤ ወደሽ ያደረግሽው ሲሆን ሦስቱንም ይመግባል። ሳትጠየቂና ሳትመርጪ የወደቀብሽ ሲሆን ግን የመጀመሪያውን ይበላዋል።

29ኛው የእኔ ነው። ወንድሜን አነጋገርኩት። የከበደኝን ያህል አልከበደውም። ለካ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ውኃው የእሱ ሆነ። የመጀመሪያው ዓርብ ተኝቶ አሳለፈው፤ እስከ ማክሰኞ በአንድ ጀሪካን ቆየን፣ ፀጉሬንም ሳልታጠብ ሥራ ሄድኩ። እኔ ግን አልተነሳሁለትም። ማክሰኞ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ ቧንቧው ሲያፏጭ ሰማሁ። ቀጥሎ የእሱን ነጠላ ጫማ ሰማሁ። ዞሬ ተኛሁ።

እናቴ ጋ የምደውልበትንም ቀየርኩ። ደብረ ማርቆስ ናት፤ 3 ሰዓት ሳይሞላ ትተኛለች። ወራት ሙሉ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከእንቅልፏ እየቀሰቀስኩ ደህና ነሽ ስላት፣ ደህና ነኝ ስትለኝ፣ በአረንጓዴ ሳሰምርበት ኖሬያለሁ። አሁን እሑድ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣለሁ። እሷም እዚያ ታስቀምጠዋለች። እዚያ ሙቀጫው ሲመታ እሰማለሁ፤ እዚህ የእኔ ጀበና ይንተከተካል። ብዙ ጊዜ ምንም አናወራም። አዲሱ ዓምድ ላይ የዚህችን ሰዓት ምግብ መጻፍ ስጀምር ቦታው አልበቃኝም።

30ኛዋ ሲስተር ናት። ስንት ሰዓት ተኛሽ ብቻ ነው ያለችው። 46 ብዬ መልሼላታለሁ።

31ኛው ትናንት ገባ። ያ የተቆጣው ሹፌር ነው። ለሪያዷ ልጅ ነው የጻፈው። ተራ የሚጠብቅባትን ሰዓት አስቦባት አያውቅም ነበር። ተርሚናል ላይ ከሰዓት በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆማል። አሁን ያን ሰዓት ቤት ይደውላል። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ናት። የአማርኛ መጽሐፏን ከፍታ ታነብለታለች። ሲከብዳት ፊደሉን እየነገረችው እሱ ያግዛታል። ትናንት አንድ ገጽ ሳትቆም ጨርሳለች። ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል ተራው ደረሰና፣ ረዳቱም ስለጠራው፣ መልሱን እዚያው ላይ አቋረጠው።